ፕሌን፣ ብሎክ፣ ሲሊንደር ወይስ ከርቭድ ፕሌት? ኬብል የሚያርፍበትን ወለል በሲሙሌሽን ስለመሥራት

ድሬዳዋ ተቀምጦ የመርከብ ገመድ ማስላት ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ሥራው ግን አለ። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው የሲቪል ወይም የመካኒካል ምሩቅ እዚያው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሆኖ ለውጭ ድርጅት ሞዴል ሊሠራ ይችላል። ባሕሩም ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ጅቡቲ በባቡሩ መስመር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አገራችን ኢንተርኔት ከምታገኝባቸው በሮች አንዷም እሷው ናት። በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን ኢሲን ጨምሮ በርካታ የባሕር ሥር ኬብሎች ወደ የብስ የሚወጡት እዚያ ነው።

ስለዚህ ምሳሌያችን ኬብል የምትዘረጋ መርከብ ትሁን። ኬብሉ ከመርከቧ ኋላ ባለው ጥምዝ መውረጃ ላይ ተንሸራትቶ ባሕር ይገባል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ኬብሉ የሚያርፍበትን ያንን ወለል ሶፍትዌሩ ውስጥ በምን ቅርጽ እንሥራው? በባሕር ላይ ምህንድስና በሰፊው የሚሠራበት ኦርካፍሌክስ የተባለው ሶፍትዌር አራት ምርጫ ይሰጣል፤ ፕሌን፣ ብሎክ፣ ሲሊንደርና ከርቭድ ፕሌት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ቅርጹ እውነተኛዋን መርከብ በመምሰሉ ላይ ነው። አቦ እሱን ተዉት። ዋናው ነገር ኬብሉ የት ቦታ ላይ፣ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚገፋ ነው። ይሄን በትክክል እስከሰጣችሁ ድረስ ከአራቱ ቀላሉን ውሰዱ።

ከቅርጹ በፊት ዓይነቱ

ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ቅርጹ ለምን ሥራ እንደሚውል ነው። ኤላስቲክ ሶሊድ ካላችሁት የነካውን ነገር መልሶ ይገፋል። ድሮዊንግ ካላችሁት ለዓይን ብቻ ነው። ትራፕድ ዋተር ደግሞ ከመርከቧ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ የታፈነ ውሃ ነው፤ ሙንፑል ለሚባለው በመርከብ ሆድ በኩል ለሚከፈት ቀዳዳ ይሆናል። የኛ ጉዳይ ንክኪ ስለሆነ ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ኤላስቲክ ሶሊድ ብቻ ነው።

ድሮዊንግ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሸወዳል። ክሬኑ ተስሏል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ጥላው ሳይቀር ይታያል። ሲሙሌሽኑ ሲጀመር ገመዱ ክሬኑን ሰንጥቆ ያልፋል። ከሌላ ፕሮግራም አስገብታችሁ የምትለጥፉት የሦስት አቅጣጫ ምስልም እንደዚሁ ነው። ለሪፖርት ሽፋን ጥሩ ነው፤ ኃይል ግን አይሰጥም። ንክኪ የሚሰላው ከአራቱ ቅርጾች እንጂ ከምስሉ አይደለም።

ሁለተኛው ማወቅ ያለባችሁ ማን ማንን እንደሚነካ ነው። ሶፍትዌሩ ኬብሉን ሴግመንት በሚባሉ ቀጥ ያሉ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል፤ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ኖድ ይባላሉ። ኬብል ቅርጹን የሚነካው በኖዶቹ ነው። በሁለት ኖዶች መሃል ያለው ቀጥ ያለ ሴግመንት ምንም አይሰማውም። አጥሩ ክፍተቱ ከሰፋ ፍየል ያልፋል፤ እዚህም ጠባብ ጠርዝ በሁለት ኖዶች መሃል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ሲክስ ዲ ቦይ የሚባለው ግትር አካል ደግሞ የሚነካው በማዕዘን ነጥቦቹ ነው። ሰፊ ሣጥን በቀጭን ቧንቧ ላይ ብታወርዱ፣ ቧንቧው ከማዕዘኖቹ መሃል ከዋለ፣ ሣጥኑ እንደ መንፈስ ያልፋል። ቅርጽና ቅርጽ ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቁም። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመች መርከብ ከወደቡ ግድግዳ ጋር ስትጋጭ ለማየት ሁለት ብሎክ ብታጋጥሙ ምንም አይፈጠርም። ለዚያ ሥራ መርከቧንና ግድግዳውን ስፕሪንግ ዳምፐር በሚባል መልሶ በሚገፋና ንዝረት በሚያበርድ ማገናኛ ማገናኘት ነው ያለባችሁ።

ፕሌን

ማብቂያ የሌለው ጠፍጣፋ ወለል ነው። አንድ ወገኑ ድፍን፣ ሌላው ባዶ። የምትሰጡት ቦታውንና አቅጣጫውን ብቻ ነው። ውፍረት የለ፣ ጠርዝ የለ። ከአራቱ ሁሉ የሚታመነው እሱ ነው፤ አንድ ኖድ ወለሉን አልፎ ከገባ የሚመለስበት መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ።

ችግሩም ከዚያው ይመጣል። የመርከቧን ወለል በፕሌን ሠርታችሁ ከመርከቧ ጋር ብታያይዙት፣ ወለሉ እስከ ኤደንና ከዚያም አልፎ ይዘረጋል። ከመርከቧ ውጭ ወደ ባሕር የሚወርደው ኬብል በሙሉ ከወለሉ በታች፣ ማለትም በድፍኑ በኩል፣ ይውላል። ሶፍትዌሩም ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ፕሌን የሚያዋጣው ኬብሉ በምንም አጋጣሚ ወደ ማዶ የማያልፍ ሲሆን ነው። ተዳፋት ሜዳ ላይ ለሚጎተት ቧንቧ ወይም ገመዱ ከጎን ብቻ ለሚደገፍበት ግድግዳ ግሩም ነው። ለኛ መውረጃ አይሆንም።

ብሎክ

ብሎክ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለው ሣጥን ነው። ለመርከብ ወለል፣ ለወደብ ግድግዳ፣ ለኮንክሪት መሠረት ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ትክክልም ነው። ግን ሁለት ጠባይ አለው።

አንደኛው የቀጭን ብሎክ ጠባይ ነው። ውስጥ የገባን ኖድ ሶፍትዌሩ የሚያስወጣው በቅርቡ ወዳለው ገጽ ነው። የመርከቧ ብረት 2 ሴንቲ ሜትር ነው ብላችሁ 2 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ብሎክ ሠራችሁ እንበል። ኬብሉ ጠንከር ብሎ ሲወድቅ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሰርጋል። አሁን ቅርቡ ገጽ የታችኛው ሆኗል። ሶፍትዌሩ ወደ ላይ በመመለስ ፈንታ ወደ ታች ይገፋውና ኬብሉ በሌላው ወገን ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ብሎኩን ከኬብሉ በተቃራኒ በኩል አወፍሩት። አንድ ሜትር አድርጉት። የብረቱ እውነተኛ ውፍረት እዚህ ስሌት ውስጥ ምንም ሚና የለውም።

ሁለተኛው ጠርዝ ነው። ሹል ጠርዝ ላይ ያረፈ ኖድ አንዴ የላይኛው ገጽ ይቀርበዋል፣ አንዴ የጎኑ። የግፊቱ አቅጣጫ በአንድ አፍታ 90 ዲግሪ ይዞራል። ውጤቱን በግራፍ ስታዩት መጋዝ ነው። ኬብሉ ጠርዙ ላይ መታጠፉ የማይቀር ከሆነ ብሎክን ብቻውን አትመኑ፤ ጠርዙ ላይ ሲሊንደር ግጠሙለት። ስትገጥሙ ግን ሁለቱ በተደራረቡበት ቦታ የሁለቱም ግፊት እንደሚደመር አትርሱ።

ሲሊንደር

የኛ ኬብል ቤቱን ያገኘው እዚህ ነው። ዘንጉ አግድም ተኝቶ ከመርከቧ ጎን ወደ ጎን የሚሄድ፣ ራዲየሱ 3 ሜትር የሆነ ሲሊንደር እንውሰድ። ኬብሉ ከመርከቧ ወለል በአግድም ይመጣል፣ በሲሊንደሩ ላይ ይጠመዘዛል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ሹል ጠርዝ የለም፤ የግፊቱ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይዞራል። ራዲየሱን ስትመርጡ ኬብሉ ሳይጎዳ ሊታጠፍ ከሚችልበት ትንሹ ራዲየስ እንዳያንስ ጠብቁ። ይሄ ቁጥር ኬብሉን ከሠራው ድርጅት መረጃ ላይ ይገኛል።

ሲሊንደር ባዶ ሆኖ ቧንቧም መሆን ይችላል። የውስጥ ዲያሜትር ስትሰጡት ኬብሉ በውስጡ ያልፋል። እዚህም የግድግዳውን ውፍረት ነገር አስታውሱ፤ ቀጭን ግድግዳ እንደ ቀጭን ብሎክ ነው።

ሲሊንደር የሚያልቅበት ዳር አለው። መርከቧ ወደ ጎን ስትዞር ኬብሉ በዘንጉ አቅጣጫ ይንሸራተትና ጫፍ ሊደርስ ይችላል። ጫፉን ካለፈ የሚይዘው ነገር የለም። ሲሊንደሩን ማስረዘም ያድናል፤ ግን እውነተኛው መውረጃ ኬብሉን በጎን የሚይዝ ከሆነ ሞዴላችሁ ኬብሉን ያለአግባብ ነጻ እያደረገው ነው።

ከርቭድ ፕሌት

ይሄኛው ቅስት በዘንግ ዙሪያ ሲዞር የሚፈጥረው ወለል ነው፤ አፉ ሰፍቶ የሚከፈት መለከት አስቡ። ኬብል ወይም ቱቦ ከመድረክ ሥር የሚገባበትን ቤልማውዝ ለመሥራት የተሰናዳ ነው። ኬብሉ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ቢያዘነብል በሁሉም አቅጣጫ ለስላሳ ጥምዝ ያገኛል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እሱን አንጠቀምም? ብዙ ነገር ስለሚጠይቅ። አቅጣጫውን ማስተካከል ጊዜ ይወስዳል፤ ስህተቱም በዓይን ቶሎ አይያዝም። የሥራችሁ እንቅስቃሴ ወደ ጎን የማይወጣ ከሆነ፣ ማለትም ማዕበሉም መርከቧም ኬብሉም በአንድ መስመር ከሆኑ፣ ሲሊንደሩ ያንኑ መልስ በግማሽ ድካም ይሰጣል። ማዕበሉ ከጎን ሲመጣ ግን ወደ ከርቭድ ፕሌት እሻገራለሁ።

ከቅርጹ ይልቅ ውጤቱን የሚያበላሹት

ሰው አራቱን ቅርጽ አገላብጦ አንዱን ይመርጣል። ከዚያ ኖዶቹን እንደነገሩ ይተዋቸዋል። ውጤት የሚበላሸው በዚህ ነው።

3 ሜትር ራዲየስ ባለው ሲሊንደር ላይ 2 ሜትር የሚረዝሙ ሴግመንቶች አስተኙ። ኖዶቹ ወለሉ ላይ ናቸው፣ መሃላቸው ግን ቀጥ ያለ መስመር ነው። ያ መስመር በመሃሉ ሲሊንደሩ ውስጥ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆርጣል። ከአንዱ ሴግመንት ወደ ቀጣዩ ደግሞ ኬብሉ 39 ዲግሪ ገደማ ይሰበራል። ይሄ ጥምዝ ሳይሆን ቁርጥራጭ ነው፤ የምታነቡት የመታጠፍ ሞመንትም (ኬብሉን የሚያጥፈው ጉልበት) እምነት አይጣልበትም። ሴግመንቱን ወደ ግማሽ ሜትር አውርዱት፤ ቁርጡ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ስብራቱ ወደ 9 ዲግሪ ተኩል ይወርዳል። ቁርጡን ለማወቅ የሴግመንቱን ርዝመት ስኩዌር አድርጋችሁ ለ8 እጥፍ ራዲየሱ ማካፈል ነው። ኬብሉን ሙሉውን በአጫጭር ሴግመንት መከፋፈል አያስፈልግም፤ መውረጃው አካባቢ ያለውን ብቻ።

ቀጥሎ ስቲፍነስ አለ። ለኤላስቲክ ሶሊድ የምትሞሉት ቁጥር፣ ኖዱ አንድ ሜትር ሲሰርግ በአንድ ካሬ ሜትር ንክኪ ስንት ኪሎኒውተን መልሶ እንደሚገፋ ይናገራል። የብረትን እውነተኛ ጠባይ ፍለጋ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ስሌቱ እንዲህ ነው።

ኬብላችን ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ በሜትር 4 ኪሎ፣ መውረጃው ላይ ያለው ውጥረት 20 ኪሎኒውተን ይሁን። ውጥረቱን ለራዲየሱ ስናካፍል በእያንዳንዱ ሜትር 6.7 ኪሎኒውተን ወደ ሲሊንደሩ ይጫናል። የግማሽ ሜትር ሴግመንት ድርሻ 3.3 ኪሎኒውተን ነው። የንክኪው ስፋት ውፍረቱ በርዝመቱ ሲባዛ 0.02 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስቲፍነሱን 10,000 ብንሞላ ኖዱ 1.7 ሴንቲ ሜትር ይሰርጋል። 100,000 ብንሞላ 1.7 ሚሊ ሜትር።

ሁለተኛው ደስ ይላል። የመጀመሪያው፣ ኬብሉ ግማሽ ያህሉ ብረቱ ውስጥ ተቀብሮ፣ ያስቀይማል። ዋጋውን ግን እዩ። የግማሽ ሜትር ኬብል 2 ኪሎ ይመዝናል። በ10,000 ስቲፍነስ ንክኪው ላይ የሚንቀጠቀጥበት ፔሪየድ (አንድ ንዝረት የሚፈጅበት ጊዜ) 0.02 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በ100,000 ወደ 0.006 ይወርዳል። ስሌቱን በአጫጭር እርምጃ በሚያራምደው በኤክስፕሊሲት ዘዴ ከሄዳችሁ ታይም ስቴፑ (የአንዱ እርምጃ ጊዜ) የዚህ አንድ አሥረኛ አካባቢ መሆን አለበት። ሲሙሌሽኑ በሦስት እጥፍ ገደማ ረዘመ ማለት ነው። ግንቦት ላይ፣ ቀትር፣ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ እየጋለ፣ መብራቱም ይቆይ አይቆይ ሳይታወቅ ሦስት እጥፍ ቀላል ነገር አይደለም። ምን ታገኙበታላችሁ? 1.7 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሜትር ራዲየስ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ውጥረቱንና መታጠፉን ለማወቅ ከሆነ 10,000 ይበቃል። ጥርጣሬ ካላችሁ አንዴ በ10,000፣ አንዴ በ30,000 አስኬዱትና አወዳድሩ። መልሱ ካልተነቃነቀ እዚያው ቆሙ። ረዘም ያለ እርምጃ በሚፈቅደው በኢምፕሊሲት ዘዴ የታይም ስቴፑ ጫና ይቀላል፤ ያም ሆኖ በጣም ግትር ንክኪ ስሌቱን መልስ ላይ ለመድረስ ያስቸግረዋል።

ፍሪክሽን፣ ማለትም ሰበቃ፣ ለብቻው ነው የሚሞላው፤ ብዙ ጊዜም የሚረሳው እሱ ነው። ኬብሉ በ90 ዲግሪ ተጠምዝዞ የፍሪክሽን ኮፊሸንቱ 0.3 ከሆነ፣ በአንዱ ወገን ያለው ውጥረት ከሌላው 1.6 እጥፍ ይሆናል። ከባሕሩ በኩል 20 ኪሎኒውተን ካለ፣ ኬብሉ እየተለቀቀ ሲሄድ መርከቧ ላይ ያለው ማሽን የሚይዘው 12.5 ብቻ ነው። መልሶ ሲጎተት ግን 32 መሳብ አለበት። ማሽኑን ለመምረጥ ሞዴል የምትሠሩ ከሆነ፣ ያለ ፍሪክሽን ሁለቱም 20 ሆነው ይወጡላችኋል። ሲሊንደር ይሁን ከርቭድ ፕሌት እያልን ከምንከራከርበት ልዩነት ይሄኛው በብዙ ይበልጣል።

ቅርጽ የማያስፈልግበት ጊዜ

ቧንቧ የምትዘረጋ መርከብ ከሆነች፣ ቧንቧው በተደረደሩ ሮለሮች ላይ ነው የሚወርደው። እያንዳንዱን ሮለር በትንንሽ ሲሊንደር መሥራት ይቻላል፤ ሮለሮቹ ግን በኖዶች መሃል እየዋሉ ያበሳጯችኋል። ኦርካፍሌክስ ለዚህ ሰፖርት የሚባል የተለየ ነገር አለው፤ እሱን ተጠቀሙ። ኬብል በተጠማዘዘ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነም ባዶ ሲሊንደሮችን መቀጣጠል ይቅርባችሁ። ላይን ኮንታክት የሚባለው የሶፍትዌሩ ክፍል አንዱን መስመር በሌላው ውስጥ ስለሚያስኬድ መጋጠሚያው ላይ ደረጃ አይፈጥርም። የባሕሩን ወለል ደግሞ በፕሌን አትሥሩት፤ ሶፍትዌሩ የራሱ የባሕር ወለል አለው፣ የአፈሩን ጠባይም ይቀበላል።

የኦርካፍሌክስ ፈቃድ ውድ ነው፤ ለመለማመድ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ነጻ ከሆኑት ሶፍትዌሮች ሞርዳይን መልሕቅ ላይ የታሰረን ነገር ለማስላት ጥሩ ነው። ኬብሉ የሚያርፍበት ነገር ብላችሁ የምትሰጡት ግን የባሕሩን ወለል እንጂ ሲሊንደር ወይም ብሎክ አይደለም። የወለሉን ስቲፍነስ ሳትነኩ ብትተዉት በሜትር 3 ሚሊዮን ፓስካል ይዞ ይመጣል፤ በኛ አቆጣጠር 3,000 መሆኑ ነው። ፕሮጀክት ክሮኖ ደግሞ ሣጥን፣ ሲሊንደር፣ ሉል፣ ሌላው ቀርቶ ሜሽ (ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ቅርጽ) እያጋጨ ንክኪን ያሰላል። ቅርጽና ቅርጽም እዚያ ይተዋወቃሉ። ኮድ መጻፍ ግን ይፈልጋል፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ፓይተን። ፓይተን ከቻላችሁ ከክሮኖ ጀምሩ። ካልቻላችሁ ሞርዳይንን አውርዱና አንድ ሰንሰለት መሬት ላይ አስተኝታችሁ፣ ስቲፍነሱን እየቀያየራችሁ ምን ያህል እንደሚሰርግ በእጃችሁ ካሰላችሁት ጋር አመሳክሩ።